የችግኙን ዋጋ ከመጠየቃችሁ በፊት፦ እናቶቹ ስንት ናቸው?

ሰኔ ሲገባ የከተማው መንገድ ዳር በችግኝ ይሞላል። ጥዱ፣ ግራቪሊያው፣ አቮካዶው በጥቁር ፕላስቲክ ተደርድሮ ገዢ ይጠብቃል። ገዢውም ቆም ብሎ ይጠይቃል። ስንት ነው? ቶሎ ያድጋል? ውሃ ይፈልጋል? ጥሩ ጥያቄዎች ናቸው። አንድ ጥያቄ ግን ሁልጊዜ ይቀራል፤ ዘሩ ከየት መጣ?

እኔም ሳልጠይቅ ነው የኖርኩት። ከጥቂት ዓመታት በፊት ለልጆቼ ትምህርት ቤት ግቢ ዝግባ ፍለጋ አንድ ችግኝ ጣቢያ ሄድኩ። ችግኞቹ ያምራሉ። ቁመታቸው እኩል፣ ቅጠላቸው የጠገበ። እንዲያው ለወሬ ያህል አዛውንቱን ሠራተኛ «ጋሼ፣ ዘሩን ከየት አመጡት?» አልኳቸው። በአገጫቸው ወደ አጥሩ ጥግ ጠቆሙኝ። አንዲት ትልቅ ዝግባ ቆማለች።

«ያቺ ናት እናታቸው።»

«የሁሉም?»

«የሁሉም፣ ልጄ። ጫካ ድረስ ሄዶ የሚለቅም ማን አለ?»

አርባ ችግኝ ገዝቼ ወጣሁ። አርባውም የአንድ እናት ልጆች። ያን ጊዜ ነገሩ አልከነከነኝም። አሁን ግን ችግኝ የሚፈልግ ሰው ባገኘሁ ቁጥር መጀመሪያ የማነሳው ይህንኑ ነው። ለግቢ፣ ለመንገድ፣ ለእርሻ ዳር ወይም ለተራቆተ ተራራ ችግኝ የምትመርጡ ከሆነ፣ ያሉትን አማራጮች ጎን ለጎን አድርገን እንያቸው። ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ለምን ያሳስባል?

ሁለት ጥዶች ከሩቅ ሲታዩ አንድ ይመስላሉ። ከእናትና ከአባት የወረሱት ዘረመል ግን ይለያያል። አንዱ ድርቅ ይችላል። ሌላው ውርጭ ይችላል። ሦስተኛው ተባይ ሲመጣ ሳይነካ ይተርፋል። የትኛው ለየትኛው ክፉ ቀን እንደሚሆን አስቀድሞ የሚያውቅ የለም። ዋስትናው ሁሉንም ይዞ መቆየት ብቻ ነው። የዘረመል ስብጥር የሚባለው ይኸው ነው።

ለእኛ የሚቀርበው ማስረጃ ቡና ነው። ከኢትዮጵያ ወጥቶ በየመን በኩል ዓለምን ያዳረሰው አረቢካ የጥቂት እናቶች ልጅ ነው። በ1706 አምስተርዳም የደረሰ አንድ የቡና ተክል ዘሩ ተራብቶ ባሕር ተሻገረ። በ18ኛው ክፍለ ዘመን ላቲን አሜሪካ ከገባው ቡና ብዙው የእሱ ዝርያ ነው። በሌላ በኩል ደግሞ የቡናን ቅጠል የሚያጠቃው የዋግ በሽታ በ1869 ሲሎን፣ የዛሬዋ ስሪላንካ ገባ። የቡናው እርሻ በሃያ ዓመት ገደማ ተንኮታኮተ። አገሪቱ ፊቷን ወደ ሻይ አዞረች።

አሁን ወደ እኛ እንምጣ። በ1971 የቡና ፍሬን የሚያጠቃው በሽታ ኢትዮጵያ ገባ። ጉዳቱ ከባድ ነበር። ነገር ግን በታመሙት መካከል ጤነኛ ሆነው የቆሙ ዛፎች ነበሩ። የጅማ ተመራማሪዎች እነዚያን እናት ዛፎች እየፈለጉ ዘር ወሰዱ። ገበሬው ዛሬም በቁጥር የሚጠራቸው 74110 እና 74112 ከዚያ ፍለጋ የወጡ ናቸው። መጀመሪያ ላይ ያለው 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። መድኃኒቱ ከውጭ አልመጣም። እዚሁ ደናችን ውስጥ ነበር፤ ምክንያቱም ደናችን ውስጥ ብዙ ዓይነት ቡና ነበር።

ተቃራኒውን ለማየት እንግሊዝን ተመልከቱ። የእንግሊዝ ኤልም የሚባለው ዛፍ በየመንገዱና በየእርሻው ዳር ለዘመናት ቆሞ ኖሯል። ዘር የሚሰጠው እምብዛም ነው። የሚባዛው ከሥሩ በሚያቆጠቁጥ ቡቃያ ነው። በ2004 የወጣ የዘረመል ጥናት ዛፎቹ በሙሉ ሮማውያን ያስገቡት የአንድ ዛፍ ግልባጭ መሆናቸውን አሳየ። በ1970ዎቹ የኤልም በሽታ ሲነሳ በብሪታንያ ከ25 ሚሊዮን በላይ ኤልሞች ረገፉ። አንዱን የገደለ ሁሉንም ይገድላልና።

ከተማና ጫካ አንድ ዓይነት ፍላጎት የላቸውም

ወደ መለኪያዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንለይ። ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው።

የከተማ ዛፍ ሥራው ጥላ መስጠት፣ አቧራ መያዝ፣ ዓይን ማሳረፍ ነው። ከሥሩ አስፋልት ነው። ዘሩ ቢወድቅም የሚበቅልበት አፈር የለም። እዚህ ስብጥር የሚያስፈልገው አንድ ተባይ መንገዱን በሙሉ ባዶ እንዳያስቀረው ነው። ለዚህ ደግሞ የዛፍ ዓይነት ማብዛት ብቻውን ብዙ ይረዳል።

የጫካ ዛፍ ግን መውለድ አለበት። ዛሬ የምትተክሉት ጥድ ከሃምሳ ዓመት በኋላ ከጎረቤቱ ጋር ይዳቀላል። ጎረቤቱ ወንድሙ ከሆነ ችግሩ ያኔ ይጀምራል። በዘመዳሞች መካከል የሚገኝ ዘር ብዙው ባዶ ይሆናል። የበቀለውም ቀጫጫና ዘገምተኛ ነው። የመጀመሪያው ትውልድ ስላማረ ብቻ ነገሩ አይታወቅም። የሚታወቀው ተካዩ ካለፈ በኋላ ነው። እኔን በጣም የሚያሳስበኝም ይህ ነው። ስህተቱ በራሳችን ዕድሜ አይጋለጥም።

በምን እንመዝናቸው?

የመጀመሪያው መለኪያ የእናት ዛፍ ብዛት ነው። የዘር ለቀማ መመሪያዎች በትንሹ 30 እናት ዛፍ፣ ከተቻለ 50 ይላሉ። ዛፎቹም ቢያንስ ከ50 እስከ 100 ሜትር ይራራቁ ይላሉ። ጎን ለጎን የቆሙ ዛፎች አብዛኛውን ጊዜ ዘመዳሞች ናቸው። ከእያንዳንዱ እናት የሚወሰደው ዘርም ተቀራራቢ መጠን ይሁን። ከ30 ዛፍ ለቅሞ ዘጠኝ እጁ ከአንዲት ዛፍ ከሆነ 30 ማለቱ ለስም ብቻ ነው። ብቻዋን ሜዳ ላይ ከቆመች ዛፍ መልቀምም አይመከርም። ብዙዎቹ ዛፎች ከራሳቸው ጋር ሲዳቀሉ ዘራቸው ይደክማል።

ሁለተኛው የዘሩ አገር ነው። መሬት በ100 ሜትር ከፍ ባለ ቁጥር ሙቀቱ በ0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀንሳል። በ1,600 ሜትር ከበቀለች ዋንዛ የተለቀመ ዘር 2,400 ሜትር ላይ ወዳለው የአዲስ አበባ ግቢ ሲመጣ አምስት ዲግሪ ያህል ይበርደዋል። ሊጸድቅ ይችላል። ግን አገሩ አይደለም። ከፍታውና ዝናቡ ከመትከያው ቦታ ጋር የሚቀራረብ ዘር ፈልጉ።

ይህ ጉዳይ ለእኛ አዲስ አይደለም። የመናገሻ ሱባን ጥድ አጼ ዘርዐ ያዕቆብ በ15ኛው ክፍለ ዘመን እንዳስተከሉት ይነገራል። ዘሩም ሰሜን ሸዋ ካለው ከወፍ ዋሻ ደን እንደመጣ ይተረካል። ደጋ ከሆነ አገር ደጋ ወደሆነ አገር። ታሪኩን ባሰብኩት ቁጥር ደስ ይለኛል። ዘሩ ከየት እንደመጣ የሚወራበት ደን ስንት አለን?

ሦስተኛው ጾታ ነው። ብዙ ሰው ዛፍ ወንድና ሴት እንዳለው ሲሰማ ይደነቃል። ጥድ፣ ዝግባና ኮሶ ወንዱ ዛፍ ሌላ፣ ሴቷ ዛፍ ሌላ ናት። ጥቁር ሰማያዊ ፍሬ የምታንጠለጥለው ጥድ ሴቷ ናት። ለኮሶ ትል መድኃኒት የምትታወቀውም የሴቷ ኮሶ አበባ ናት። ችግኝ ሳለ መለየት አይቻልም። ግማሽ በግማሽ ነው ብለን እናስላው። ሦስት ጥድ ብትተክሉ ሁሉም አንድ ጾታ የመሆን ዕድሉ ከአራት አንድ ነው። ስምንት ብትተክሉ ከ128 አንድ ይሆናል። ዘር የሚሰጥ ዛፍ የሚፈልግ ሰው ሁለት ሦስት ተክሎ ባያቆም ይሻላል።

የቀሩት መለኪያዎች ሁሉም ሰው የሚያውቃቸው ናቸው፤ ወጪ፣ ጊዜና ፈቃድ።

አንደኛው አማራጭ፦ መንገድ ዳር ሻጭና የግል ችግኝ ጣቢያ

ቅርብ ነው፣ ፈጣን ነው፣ ምርጫው ሰፊ ነው። ለአንድ ለሁለት ዛፍ ይበቃል። እናቶቹን በተመለከተ ግን ደካማው ይህ ነው። ሻጩ ራሱ ከሌላ ያመጣው ሊሆን ይችላል። ዘሩም አብዛኛውን ጊዜ ለመልቀም ከሚመች፣ ቅርብና ፍሬያማ ከሆነ ዛፍ ነው። እንደኔ ዝግባ ማለት ነው።

ሰውየው ይዋሻል ማለቴ አይደለም። የሚጠይቀው ስለሌለ አይመዘግብም። ሦስት አራት ገዢ በተከታታይ «ከየት ነው?» ቢለው በሚቀጥለው ዓመት ይዞት የሚመጣው መልስ ይኖረዋል።

አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ሃያ ጥድ ከፈለጋችሁ ሃያውንም ከአንድ ሻጭ አትግዙ። በተለያየ የከተማው ጫፍ ካሉ አራት ሻጮች አምስት አምስት ውሰዱ። ዋጋው ያው ነው። የእናቶቹ ቁጥር ግን ይጨምራል። ሌላው፣ ረጃጅሞቹን ብቻ አትምረጡ። የአንድ እናት ልጆች አብረው ቶሎ የበቀሉ ከሆኑ ረጃጅሞቹን ስትለቅሙ ወንድማማቾችን እየሰበሰባችሁ ነው።

ሁለተኛው፦ የመንግሥት ችግኝ ጣቢያ

ብዛት ለሚፈልግ ይህን የሚያህል የለም። ለማኅበራትና ለትምህርት ቤቶች በነፃ የሚሰጥበት ጊዜም አለ። ከ2019 የአረንጓዴ አሻራ ዘመቻ ወዲህ የጣቢያዎቹ ሥራ እጅግ ሰፍቷል። በዚያ ዓመት ሐምሌ ውስጥ በአንድ ቀን ከ350 ሚሊዮን በላይ ችግኝ መተከሉ በመንግሥት ተገልጿል።

ይህን ያህል ችግኝ ለማድረስ ብዙ ዘር ያስፈልጋል። ጥድፊያ ሲኖር ደግሞ ዘር የሚለቀመው ከቅርቡ ነው። እኔ የምመኘው በየጣቢያው የችግኝ ቁጥር በሚጻፍበት መዝገብ ላይ የእናት ዛፍ ቁጥርም አንድ ዓምድ እንዲኖረው ነው። እስከዚያው ግን ጠይቁ። ጣቢያው ዘሩን ከደን ምርምር ማዕከል ያገኘ ከሆነ የተለቀመበት ቦታ የተጻፈበት መለያ ይኖረዋል። ያ መለያ ካለ ምርጫችሁ ጥሩ ነው። ከሌለ ከመንገድ ዳሩ የሚለየው በብዛቱ ብቻ ነው።

ዘሩን ራሳችሁ ገዝታችሁ ማፍላት የምትችሉ ከሆነ በቀጥታ የምርምር ማዕከላቱን አነጋግሩ። ድካሙ ይጨምራል። እኔ ግን ለትልቅ ሥራ ይህን እመርጣለሁ። ብዙ ሰው የብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩትንም ያነሳል። የተመሠረተው በ1976 ሲሆን የዘር ባንክ አለው። ዋና ሥራው ግን ለነገ ማቆየት እንጂ ችግኝ መሸጥ አይደለም።

ሦስተኛው፦ ከአንድ ዛፍ ቆርጦ ማባዛት

ቅርንጫፍ ቆርጦ ማጽደቅ ወይም በሌላ ተክል ሥር ላይ ማጣበቅ (በተለምዶ ማዳቀል የሚባለው) ነው። ልጅ ሳይሆን ግልባጭ ነው የሚገኘው። እናቱ ጣፋጭ ከሆነች እሱም ጣፋጭ ነው። እናቱ ለአንድ ተባይ የምትሸነፍ ከሆነች እሱም ይሸነፋል።

ለፍራፍሬ ይህ ዘዴ ትክክል ነው። ሐስ የሚባለው አቮካዶ የትም ዓለም ይሁን የአንዲት ዛፍ ግልባጭ ነው። ያቺ ዛፍ በ1926 ካሊፎርኒያ ውስጥ ተተክላ በ2002 ሞታለች። ግልባጮቿ ግን እናንተ ጓሮ ድረስ መጥተዋል። ፍሬው ምን እንደሚመስል ታውቃላችሁ፤ ከዘር የበቀለ አቮካዶ ግን ምን እንደሚሰጥ አይታወቅም። እዚህም ቢሆን ቅልቅል ይጠቅማል። ሐስና ፉዌርቴ አበባቸው የሚከፈትበት ሰዓት ይለያያል። አንዱ ሴት ሆኖ ሲከፈት ሌላው ወንድ ነው። ጎን ለጎን ከሆኑ ፍሬ አያያዛቸው ይሻሻላል።

ለባሕር ዛፍ ነጋዴም ግልባጭ ይማርካል። ቀጥ ያለ፣ እኩል የሚደርስ አጠና ይሰጣል። ግን ከአውስትራሊያ የመጣች አንዲት ትንሽ ተርብ አለች። በባሕር ዛፍ ቀንበጥ ላይ እብጠት እያበቀለች ዕድገቱን ትገታለች። ባለፉት ሃያ ምናምን ዓመታት አፍሪካን አዳርሳለች። አንዳንዱን ግልባጭ ክፉኛ ታጠቃለች፣ ሌላውን ትተወዋለች። ማሳው በሙሉ የሚጠቃው ግልባጭ ከሆነ የዓመታት ልፋት ይጠፋል።

በግልባጭ መኖርን ከእንሰት ገበሬ የተሻለ የሚያውቅ የለም። እንሰት የሚባዛው ከእናቲቱ ግንድ ሥር በሚወጣ ቡቃያ ነው። ግልባጭ ነው ማለት ነው። ነገር ግን የጉራጌ፣ የሲዳማ ወይም የወላይታ ጓሮ ውስጥ ግቡ። እያንዳንዱ በስሙ የሚጠራ ብዙ ዓይነት እንሰት ተደበላልቆ ታገኛላችሁ። አንዱ ለቡላ፣ አንዱ ለአሚቾ፣ አንዱ በሽታ ስለሚችል። ግልባጭ ልትተክሉ ከሆነ እንደ እንሰት ገበሬ ትከሉ።

ለአገር በቀል ደን ግን ይህን ዘዴ አልመክርም። የአንድ ጥድ ግልባጭ በሙሉ አንድ ጾታ ነው። መቼም ብቻውን ዘር አይሰጥም።

አራተኛው፦ ከቤተ ክርስቲያን ደን መልቀም

በደቡብ ጎንደር መንገድ የተጓዘ ሰው ያውቀዋል። ዙሪያው እርሻ ነው። መሀል ላይ አንድ ክብ ጥቁር አረንጓዴ ይታያል። እሱ ደብር ነው። በሰሜኑ ደጋ አገር በቀል ዛፍ በብዛት የተረፈው እነዚህ ቅጥሮች ውስጥ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ ለዓመታት ያጠኑት ይህንን ነው። ከአሜሪካዊቷ ተመራማሪ ማርጋሬት ሎማን ጋር ሆነው ከብት እንዳይገባ የድንጋይ ካብ እንዲካብ ረድተዋል።

ሽማግሌ ዛፍ የሚገኘው እዚያ ነው። ጥዱ፣ ወይራው፣ ዝግባው ደኑ ሰፊ በነበረበት ዘመን የተወለዱ ናቸው። ውስጣቸው የዚያን ሰፊ ደን ዘረመል ይዘዋል። በአካባቢው የሚለቀም ዘር ደግሞ ለአካባቢው አየር የሚስማማ ነው። ስለዚህ ከፍተኛ ነጥብ እሰጠዋለሁ።

ጉድለቱ ስፋቱ ነው። ብዙዎቹ ጥቂት ሄክታር ብቻ ናቸው። ሽማግሌዎቹ ለዘመናት እርስ በርስ ብቻ ሲዳቀሉ ከቆዩ ልጆቻቸው እየተዛመዱ ይሄዳሉ። የጥድና የዝግባ ጽጌ ብናኝ በነፋስ ስለሚጓዝ ከሩቅም ሊመጣ ይችላል። ነፍሳት ለሚያዳቅሏቸው እንደ ዋንዛ ላሉት ግን በደብርና በደብር መካከል ያለው ባዶ እርሻ ረጅም መንገድ ነው።

መፍትሔው ቀላል ነው። ከአንድ ደብር 30 ዛፍ ፍለጋ አትጨነቁ። ተቀራራቢ ከፍታ ላይ ካሉ አምስት ስድስት አድባራት ከእያንዳንዳቸው ስድስት ሰባት እናት ምረጡና ዘሩን ቀላቅሉት። አስቀድማችሁ ግን አስተዳዳሪውንና ሰበካ ጉባኤውን አስፈቅዱ። ፍሬውን በሙሉ አትልቀሙ። ለወፉም ለአፈሩም ይቅር። ከምታፈሉት ችግኝ የተወሰነውን ለደብሩ ብትመልሱ ደግሞ ለሚቀጥለው ዓመት በር ይከፈትላችኋል። የአንዱን ደብር ችግኝ ለሌላው መስጠት በራሱ የተራራቁትን ዘመዶች ማገናኘት ነው።

አምስተኛው፦ ከሰፊ የተፈጥሮ ደን

መናገሻ ሱባ፣ ጭሊሞ፣ ወፍ ዋሻ ለመሀል አገር ሰው የሚቀርቡት እነዚህ ናቸው። እናት ዛፍ በሽ ነው። አራርቆ መልቀም ይቻላል። በስብጥር ከሁሉም ይበልጣል። ወጪው መኪና፣ ሰው፣ ቀንና የደኑ አስተዳደር ፈቃድ ነው። ለአንድ ግቢ አያዋጣም። ለአንድ ቀበሌ ወይም ለአንድ ድርጅት ሥራ ግን ያዋጣል። ለቀማውን በደህና የፍሬ ዓመት አድርጉት። ፍሬ ባነሰበት ዓመት ያፈሩት ጥቂት ዛፎች ብቻ ስለሚሆኑ 30 እናት ማግኘት ያስቸግራል።

ዘሩን እቤት ስታደርሱ አንድ ነገር ሞክሩ። ጥቂት የጥድ ዘር በምላጭ ክፈሉ። ጥድ ባዶ ዘር ይበዛበታል። ከአሥሩ ስንቱ ነጭ ፍሬ እንደያዘ ካያችሁ ምን ያህል ማፍላት እንዳለባችሁ ታውቃላችሁ። የጥቁር እንጨት ዘር ደግሞ ሲቆይ ስለሚሞት በለቀማችሁ ሰሞን ዝሩት።

ስድስተኛው፦ ወፍ ዘራሹን መተው

ከሁሉም የሚረክሰው ምንም አለመትከል ነው። መሬቱን ከልሎ፣ ከብት ከልክሎ፣ ወፍ የዘራውን ማሳደግ። የወይራንና የጥድን ፍሬ ወፎች በልተው ይበትናሉ። ከብዙ እናት፣ ከብዙ አቅጣጫ፣ ያለ ክፍያ። ወይራ ከጉቶውም ያቆጠቁጣል። የበቀለው በራሱ የተመረጠ ነው። አፈሩንና ብርዱን ያልቻለው ቀድሞ ሞቷል።

ሁልጊዜ ግን አይሠራም። ፕሮፌሰር ደመል ተከታይ በደጋ ደኖቻችን አፈር ውስጥ ያለውን ዘር አጥንተው ነበር። ያገኙት ነገር ልብ ይሰብራል። አብዛኞቹ ትልልቅ ዛፎች አፈር ውስጥ የሚቆይ የዘር ክምችት የላቸውም። ዘሩ ቶሎ ይበቅላል ወይም ይሞታል። እናቲቱ ከተቆረጠች መሬቱን ብትከልሉት እንኳ ከአፈር የሚነሳ ልጅ የለም። ስለዚህ መከለል የሚያዋጣው በአቅራቢያው እናት ዛፍ ወይም ሕይወት ያለው ጉቶ ሲኖር ነው።

ከዛፍ ሥር የበቀለ ወፍ ዘራሽ ነቅሎ የሚያዛውር ሰውም አለ። ጥሩ ዘዴ ነው። ከአንዲት ዛፍ ሥር ሃያ ከመንቀል ግን ከሃያ ቦታ አንድ አንድ ንቀሉ።

ባንድ ዓይን

| አማራጭ | የእናት ዛፍ ብዛት | የዘሩ አገር | ወጪና ድካም | የሚሻለው ለ |
|---|---|---|---|---|
| መንገድ ዳርና የግል ጣቢያ | ብዙ ጊዜ ጥቂት | አይታወቅም | አነስተኛ፣ ፈጣን | ግቢ፣ ጥቂት ዛፍ |
| የመንግሥት ጣቢያ | ይለያያል፣ መለያውን ጠይቁ | መለያ ካለ ይታወቃል | አነስተኛ ወይም ነፃ | ትምህርት ቤት፣ እድር፣ ዘመቻ |
| ግልባጭ | አንድ | ይታወቃል | መካከለኛ | ፍራፍሬ፣ አጠና |
| የቤተ ክርስቲያን ደን | በአንድ ደብር ውስን፣ ሲቀላቀል ጥሩ | በደንብ ይታወቃል | ፈቃድና ትዕግሥት | ገጠር፣ ደብር፣ ትንሽ ደን |
| ሰፊ የተፈጥሮ ደን | ከሁሉም ብዙ | በደንብ ይታወቃል | ከፍተኛ | ትልቅ የደን ሥራ |
| ወፍ ዘራሽ | ብዙ፣ እናት ቅርብ ከሆነ | እዚያው | ከሁሉም ዝቅተኛ | ጉቶና እናት ዛፍ ያለበት ተራራ |

እንደየኪሳችሁና እንደየሥራችሁ

አንድ ግቢ ያለው ሰው ብዙ አይጨነቅ። ለፍሬ የተዳቀለ አቮካዶ፣ ለጥላ አንድ ዋንዛ ወይም ወይራ ከየትም ይግዛ። ከጎረቤቱ የተለየ ዛፍ ቢመርጥ ግን ለሰፈሩ ይጠቅማል።

ለመንገድና ለኮንዶሚኒየም ግቢ የምትወስኑ ኮሚቴዎች አንድ የታወቀ ሕግ አለላችሁ። ዋሽንግተን ዲሲ በሚገኘው ብሔራዊ አርቦሬተም፣ ማለትም የዛፍ ምርምር መናፈሻ፣ ይሠራ የነበረው ፍራንክ ሳንታሞር በ1990 ያቀረበው ነው። በአንድ ከተማ ካለው ዛፍ አንድ ዝርያ ከ10 በመቶ፣ አንድ ወገን ከ20 በመቶ፣ አንድ ቤተሰብ ከ30 በመቶ አይብለጥ ይላል። አሜሪካኖች ይህን የተማሩት በመከራ ነው። ኤልሙ ሲያልቅባቸው ብዙ ቦታ አሽ የሚባል ዛፍ ተኩ። በ2002 ዲትሮይት አካባቢ አንድ ከእስያ የመጣ ጥንዚዛ ተገኘ። አሽንም በብዙ ሚሊዮን ፈጀ። ሕጉ ግን አንድ ነገር አያይም። አሥር ዓይነት ዛፍ ተክላችሁ እያንዳንዱ ዓይነት ከአንድ እናት ቢሆን ሕጉን አሟልታችኋል። ስለዚህ ሕጉን ያዙ፣ ከተለያየ ሻጭ መግዛቱንም ጨምሩበት። ጃካራንዳና ግራቪሊያም ቢሆኑ በልክ ከሆኑ አልቃወምም። አስፋልት ዳር ጥላ ናቸው።

ባሕር ዛፍ የሚተክል ገበሬ ከዘር የበቀለውን ቢይዝ አይቆጭም። ግልባጭ ከፈለገ ሦስት አራት ዓይነት በየመደቡ ይለያይ።

ቡና ልትተክሉ ከሆነ የ30 እናት ሕግ በቀጥታ አይሠራም። አረቢካ በአብዛኛው ራሱን በራሱ ያዳቅላል። ከአንዲት ጥሩ እናት የተለቀመ ዘር አይደክምም። ጓሮው ውስጥ ግን ሁለት ሦስት ዓይነት ቢኖር ይሻላል፤ በ1971 የሆነውን አትርሱ።

ተራራ የሚያለብሱ ሰዎች ገንዘብ ከሌላቸው መጀመሪያ ይከልሉ። ሁለት ክረምት ይጠብቁና ያልበቀለውን ዓይነት ብቻ ከአድባራት በተቀላቀለ ዘር ይሙሉ። ገንዘብ ካላቸው ከሰፊው ደን ያስለቅሙ።

ውጭ አገር ሆናችሁ ለተወለዳችሁበት ደብር ችግኝ ማስተከያ የምትልኩ ወገኖች፣ ገንዘቡን «ለአሥር ሺህ ችግኝ» ብላችሁ አትላኩ። ሁለት ሺህ ይሁን። ከተረፈው ላይ ለዘር ለቃሚዎች የቀን ምንዳና ለትራንስፖርት መድቡ። ፎቶ ሲላክላችሁ ደግሞ የአድባራቱን ስም ዝርዝርም ጠይቁ።

የትምህርት ቤቱ ዝግባዎች አሁንም አሉ። ከአርባው ሃያ ስድስቱ ጸድቀዋል። አልነቀልናቸውም፤ ጥፋቱ የእነሱ አይደለም። ባለፉት ሁለት ክረምቶች ግን ከሦስት የተለያዩ ቦታዎች ያገኘናቸውን አሥራ ስምንት ሌሎች ዝግባዎች በመካከላቸው ጣልቃ አስገብተናል። የአምስተኛ ክፍል ልጆች ደብተር ይዘዋል። በእያንዳንዱ ዛፍ ቁጥር ትይዩ የተተከለበት ቀን፣ ዘሩ የመጣበት ቦታና «እናቱ» የሚል ዓምድ አለ። በመጀመሪያዎቹ ሃያ ስድስት መስመሮች ላይ የተጻፈው አንድ ነው፤ «የአጥሩ ጥግ ዝግባ»። ከሃያ ሰባተኛው ጀምሮ ይለያያል።